እማዬን በፌሪ ላሻግራት ወይስ በየብስ ልዙር?

«ሰላም እህቴ። ግላስጎው የምኖር የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እናቴ ልትጠይቀኝ ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል፤ ልትመለስ የቀራት ሁለት ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ስለምሠራ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወሰድኳትም። አሁን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለንደን ያለው ወንድሜ "አዮና የምትባል የመነኮሳት ደሴት አለች፤ እዚያ ካልወሰድካት ስኮትላንድን አሳየኋት አትበል" ይለኛል። ሁለት ፌሪ አለው። ባለቤቴ ደግሞ "እማማን መንገድ ላይ ልትገድላቸው ነው?" ትላለች። እናቴ 69 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ልጅ ሳለች ጣና ላይ ታንኳ ሲገለበጥ ስላየች ውሃ ትፈራለች። ፍልሰታንም ትጾማለች። እኔም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ምን ይሻለኛል?

ባለ ፈረቃው፣ ከግላስጎው»

ወንድሜ፣ ሳላንዛዛ ልንገርህ። ባለቤትህ ልክ ናት። ወንድምህም ስለ አዮና ያለው ውሸት አይደለም። ለንደን ቁጭ ብሎ ካርታ ለሚያይ ሰው ግን ስኮትላንድ ትንሽ ትመስላለች።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። ከግላስጎው እስከ ኦባን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መኪና የያዘ ሰው ወደቡ ላይ ቀደም ብሎ መሰለፍ አለበት። ፌሪው ወደ መል ደሴት ለመሻገር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ደሴቷን አቋርጠህ እስከ ፊዮንፎርት 60 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ፤ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ከፊት ሌላ ሲመጣ አንዳችሁ መተላለፊያው ጋ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ካልሆነም ወደ ኋላ መመለስ አለ። እናትህ ጎንህ ተቀምጠው «ኧረ ልጄ ቀስ!» እያሉህ ወደ ኋላ ስትነዳ አስበው። ከዚያ ሁለተኛው ፌሪ፣ አሥር ደቂቃ። የጎብኚ መኪና አዮና ስለማይገባ ከዚያ ወዲያ ያው በእግር ነው፣ በዚያ ጉልበት። በጠቅላላው አምስት ሰዓት መሄጃ፣ አምስት ሰዓት መመለሻ። ለደሴቷ የሚተርፋት ጊዜ ከፌሪ ሰልፉ ጋር ቢነጻጸር ያሳፍራል።

ይህን የምልህ ከካርታ አይቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ከደብረ ታቦር ሊጠይቀኝ መጥቶ እኔም እንዳንተ ላሳየው ቸኮልኩ። ሰኔ ነበር። መል ደሴት ወሰድኩትና ቶበርሞሪ ቁጭ አልን። ቤቶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብተው ወደቡ ዳር የተሰለፉባት ትንሽ ከተማ ናት። «የመመለሻችን ፌሪ 4 ሰዓት ነው» አልኩት። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነበር። እሱ እቴ! 4 ሰዓት ሲባል ለእሱ የምሽቱ 4 ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ራሴ «እዚህ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው» ብዬ አስገርሜው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። «ትንሽ ልንሸራሸር» ብሎ ሄደ። ብጠብቀው፣ ብፈልገው የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት ወደቡ ጫፍ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ስለ መረብ ሲያወራ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል። እያለከለክሁ «ጋሼ ተነስ!» ስለው ሰዓቱን አየና «ምን አስቸኮለሽ? ገና ስድስት ሰዓት አለን» አለኝ።

ወደቡ ያለው ክሬግኑር ነው፤ ከቶበርሞሪ አርባ ደቂቃ ይርቃል። ስንደርስ ፌሪው ውሃው መሃል ነበር። የቀሩት ጉዞዎች የመኪና ቦታ ሞልቷል። አልጋም ጠፋ። መኪና ውስጥ አደርን። አጎቴ ዛሬም ድረስ ሰው ሰብስቦ ይህንን ያወራል፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም አይረሳም። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሰዓት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጅ፤ ተምሬያለሁ።

አዮናን ግን አልናቅሁባችሁም። እንዲያውም ለእናትህ ዓይነት ሰው ከስኮትላንድ ሁሉ አንድ ቦታ ምረጪ ብትለኝ እሷን እመርጣለሁ። ቅዱስ ኮሎምባ በ563 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ከአየርላንድ አሥራ ሁለት ተከታዮች ይዞ በጀልባ ተሻግሮ ገዳም የተከለባት ደሴት ናት። በዘጠኙ ቅዱሳን ታሪክ ላደገ ሰው ይህ ምኑም ባዕድ አይደለም። የኬልስ መጽሐፍ የሚባለው በቀለም ያሸበረቀ የወንጌል ብራናም ሥራው በ800 ገደማ እዚያ እንደተጀመረ ብዙ ምሁራን ይገምታሉ። ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ኮሎምባ ደሴቷ ላይ ሴትም ላምም አላስቀምጥም አለ ተብሎ ይተረካል። የግንበኞቹ ሚስቶች አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት እንዲኖሩ ተደረገ ይላሉ፤ ስሟም እስከ ዛሬ በጌሊክ «የሴቶች ደሴት» ነው። እናትህ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባ ያውቃሉ። ይህን ስትነግራቸው ፊታቸውን እይና ጻፍልኝ። ግን አዮና ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያ አካባቢ ማደር ትፈልጋለች። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ሁለት ቀን ፈቃድ ስታገኝ።

ላንተ የማስበው መንገድ ሌላ ነው። ከቤትህ ወጥተህ፣ አንዴ በፌሪ ተሻግረህ፣ ተራራና ሐይቅ ዞረህ፣ በየብስ ትመለሳለህ። ድምሩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግላስጎው ሰው ከድሮ ጀምሮ ዕረፍት ሲወጣ «ዱን ዘ ዋተር» ይላል፤ በነሱ አነጋገር ወደ ውሃው መውረድ ነው። ከክላይድ ወንዝ ተነስተው በእንፋሎት መርከብ ማዶ ወዳለችው ዱኑን የምትባል ከተማ ይሄዱ ነበር። በአውሮፓ የመጀመሪያው ትርፋማ የመንገደኛ እንፋሎት መርከብ፣ ኮሜት፣ ሥራ የጀመረው በ1812 እዚሁ ወንዝ ላይ ነው። አንተም በዚያው መስመር ነው የምትወርደው፤ በመኪና ይሁን እንጂ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ውጣ። ግሪኖክን፣ ጉሮክን እለፍ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ልብ ብለህ ስማኝ። ጉሮክ መሃል ከተማው ውስጥ ያለው ወደብ ፌሪው ሰው እንጂ መኪና አይጭንም። ስልክህ «ዱኑን ፌሪ» ስትለው እዚያ ሊወስድህ ይችላል። አንተ የምትፈልገው ትንሽ አለፍ ብሎ ያለውን ማኪንሮይስ ፖይንት የሚባለውን ነው። ከዚያ ሃንተርስ ኪ የሚባል ቦታ ያሻግሩሃል። ሃያ ደቂቃ ነው። ቀድሞ መመዝገብ የለም፤ ደርሰህ ትሰለፋለህ። ቀን ቀን በየሃያውም በየሠላሳውም ደቂቃ ስለሚመላለስ አንዱ ቢያመልጥህ ሌላው ይመጣል። የሚያመልጥ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚጣላ የለም። እናትና ልጅ መንገድ ላይ የሚኮራረፉት ሰዓት ሲያልፍባቸው ነው።

አሁን ወደ ፍርሃታቸው ልምጣ። አታታላቸው። «ድልድይ ነው» ብለህ መርከብ ላይ እንዳትጭናቸው፤ ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ እናቱ ሳምንት አላናገሩትም። ወደቡ ጋ ስትደርስ ሰልፍ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ጥግ ላይ አቁምና የመጀመሪያውን ፌሪ ዝም ብላችሁ እዩት። ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ጠጋ ይልና ከፊቱ ያለው ብረት መሬት ላይ ይነጠፋል። ከሆዱ መጀመሪያ ታክሲ፣ ከዚያ የዳቦ መኪና፣ ከዚያ ትልቅ የእንጨት ጫኝ ካሚዮን ሊወጣ ይችላል። ታንኳ ሲገለበጥ ላየ ሰው ከአንተ ስብከት ይልቅ ያ ካሚዮን ይሻለዋል። ከዚያ ጠይቃቸው። እሺ ካሉ ሂዱ። እምቢ ካሉ ያለ ምንም ቅያሜ አዙርና በሎክ ሎመንድ ሐይቅ በኩል በየብስ ምሳችሁን ወደምትበሉባት ኢንቨረሪ ከተማ ሂዱ። የምትደርሱበት ቦታ ያው ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ በእጁ ይመራሃል፤ ዓይንህን ከእጁ አታንሳ። ስትቆም የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሞተር አጥፋ። በአንድ በኩል ገብተህ በሌላው ስለምትወጣ ወደ ኋላ መንዳት የለም። በዚህ አጭር መስመር ብዙ ሰው ከመኪናው አይወርድም፤ እናትህም ከፈለጉ ወንበራቸው ላይ ዳዊታቸውን እየደገሙ መሻገር ይችላሉ። ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ግን ወደ ውጭ ይዘሃቸው ውጣ፤ ሞገዱን ሳይሆን ራቅ ያለውን ተራራ ይመልከቱ። ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል። ጋቢ ያዝላቸው። በነሐሴ ጋቢ ምን ያደርጋል እንዳትለኝ፤ ስኮትላንድ የኖርከው አንተ ነህ።

ከተሻገርክ በኋላ ዱኑን ላይ ብዙ አትቆይ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ስትሄድ ቤንሞር የሚባል የዕፅዋት ሥፍራ አለ። መግቢያ ያስከፍላል። በ1863 የተተከሉ 49 ግዙፍ የሴኮያ ዛፎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው እንደ ካቴድራል መተላለፊያ ሠርተዋል። ቁመታቸው ከ50 ሜትር ያልፋል። አጎቴን እዚያም ወስጄው ነበር፣ ከዚያ ከመከረኛው ጉዞ በኋላ። ቀና ብሎ አየ፣ ባርኔጣው ወደቀ። «የማን አገር ነው ይሄ?» አለኝ። የካሊፎርኒያ ዛፍ ነው። እንደኛ ባሕር ዛፍ ከሩቅ መጥቶ የቀረ ነው ስለው እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ልጡ ሲነኩት ይለሰልሳል፤ እናትህም ይንኩት። መንገዱ ከመግቢያው ቅርብ ስለሆነ ጉልበታቸው አይጎዳም። ሽቅብ የሚወጡትን መንገዶች ግን ተዋቸው።

ከዚያ በሎክ ኤክ ዳር ትነዳለህ። ጠባብ፣ ረጅም፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ ነው። መንገዱ በቦታ በቦታ ይጠብባል እንጂ እንደ መል መንገድ አያስጨንቅም። ከኋላህ መኪና ከተከማቸ ጥግ ያዝና አሳልፍ፤ ያገሬው ሰው ሥራ አለበት። በግ መንገድ ላይ ተኝቶ ብታገኝ ጥሩምባ አትንፋ። እናትህ «እረኛው የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። የለም። በጎቹ ላይ የተቀባው ቀለም ባለቤታቸውን ያሳያል፤ ጅብም ተኩላም ስለሌለ ውጭ ያድራሉ። ተራራው ላይ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ፣ ነሐሴ ወሩ ነው። ሄዘር ይባላል። የስሜን ተራራው አስታ ዘመዱ ነው።

ከሎክ ኤክ ስትወጣ ስትራኸር የምትባል መንደር ላይ ሎክ ፋይን ይቀበልሃል። እዚህ «ሎክ» ሐይቅም የባሕር ክንድም ነው። ሎክ ኤክ ጣፋጭ ውሃ፣ ሎክ ፋይን ጨዋማ። ዳሩ ላይ የበቀለውን የባሕር አረም ስታይ ትለየዋለህ። ጫፉን ዞረህ ኢንቨረሪ ትገባለህ። ነጫጭ ቤቶች፣ ውሃ ዳር አግዳሚ ወንበሮች፣ ራቅ ብሎ የአርጋይል መስፍን ቤተ መንግሥት። ሽንት ቤትም አለ፤ በዚህ ዕድሜ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጣል። ምሳችሁ እዚህ ነው።

የጾሙ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እናትህ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ሰዓቱ ራሱ ይገጥምላችኋል፤ ስትዘገዩም አትጨነቅም። መንገደኛ ናቸውና ቀደም አድርገው ይቅመሱ እንደሆነ ከአንተ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱት። ሱፍ ፍትፍት በሳህን ያዙ፤ ቀዝቃዛ ስለሚበላ ለመንገድ እንደሱ የለም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቡና በፔርሙዝ። ውጭ ድንች ጥብስ ለመግዛት ካሰብክ ግን መጀመሪያ ጠይቅ። ብዙ የዓሣና የድንች ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው! በአትክልት ዘይት የሚጠብስ ካለ ያን ፈልግ። ዓሣውን በተመለከተ እኔ ውስጥ አልገባም፤ እናትህ የሚሉት ነው።

ምሽት ላይ ነፋስ ከሌለ ሚጅ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነካሽ ነገር በደመና ትመጣለች። ነፋስ ሲኖር አትበርም። ስለዚህ የምትበሉት ነፋስ ያለበት ውሃ ዳር ይሁን።

መመለሻው በተራራው ላይ ነው። እናትህን ደስ ከሚላቸው ነገር አንዱ እዚህ አለ፣ ስሙ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን መንገድ የሠሩት ወታደሮች ዳገቱን ሲጨርሱ አናቱ ላይ ድንጋይ አቆሙ። የጻፉበት ቃል በአማርኛ «እረፉ፣ አመስግኑ» ማለት ነው። ቦታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ነው። መኪና ማቆሚያ አለው። ከዚያ ቁልቁል ስታይ አሮጌው መንገድ ሸለቆው ውስጥ እንደ መቀነት ተጋድሞ ይታያል። እኔ ብሆን ያቆየሁትን ቡና እዚህ ነበር የምቀዳላቸው።

ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን ይኸው ቦታ የመሬት መንሸራተት ያለበት ነው፤ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ጠዋት ከመውጣትህ በፊትና ኢንቨረሪ ላይ የስኮትላንድን የትራፊክ መረጃ እይ። ከተዘጋ በመጣህበት ተመልሰህ በፌሪው ተሻገር። ያኔ ለእናትህ ሁለተኛቸው ነው፤ እንደ ነባር መርከበኛ ያዩታል።

ካልተዘጋ ቁልቁል ወርደህ አሮካርን አልፈህ ሎክ ሎመንድ ትደርሳለህ። በስፋት ከታላቋ ብሪታንያ ሐይቆች አንደኛ ነው፣ 71 ካሬ ኪሎ ሜትር። ይህን ቁጥር ለባሕር ዳር ሴት ስትነግር ተጠንቀቅ። ጣና ከአርባ እጥፍ በላይ ይሰፋል። «ይቺን ነው?» ቢሉህ አትከራከር። ሉስ መንደር ላይ አሥር ደቂቃ ብትቆም ይበቃል፤ ነሐሴ ላይ መኪና ማቆሚያው ይጨናነቃል፣ ሞልቶ ካየኸው እለፈው። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሆነ በብርሃን ቤትህ ትገባለህ።

አንድ ነገር ከደብዳቤህ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። «የትም አልወሰድኳትም» ብለሃል። ሁለት ወር ሙሉ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ በሩን የሚከፍቱልህ እሳቸው አይደሉም? አንዷ ቀን ላይ የሁለት ወሩን ሒሳብ ሁሉ እንዳትጭንባት ነው የምፈራው። ወንድምህ ቪዲዮ ላክ ብሎ እንዳያስቸግርህ ስልኩን ለባለቤትህ ስጣት፤ እሷ ከኋላ ትቀመጥ፣ እናትህ ከፊት። ጎንህ ሲሆኑ ያወራሉ። ምናልባት ያ ታንኳ የተገለበጠ ቀን ምን እንደነበር፣ ማን እንደነበረበት፣ እስከ ዛሬ ያልነገሩህን ሎክ ኤክ ዳር ይነግሩሃል። ያኔ ሬዲዮ ዝጋ።

ማታውኑ ታንክህን ሙላ። የሚነሱበትን ሰዓት ስትነግራቸው ደግሞ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል» በላቸው፣ በአማርኛ፣ በኛው።